ሕዋስን የተማረ ልጅ በቤቱ ምን ይናገር?

ትምህርት ቤት ለወላጅ ደብዳቤ የሚጽፈው መቼ ነው? መልሱን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ተማሪ ከክፍል ሲቀር፣ ከጓደኛው ጋር ሲጣላ፣ የመስኮት መስታወት ሲሰብር፣ ክፍያ ሲዘገይ፣ አለዚያም የፈተና ውጤት ሲወጣ ነው። «ወላጅ ይዘህ ና» የሚለው ቃል በተማሪ ጆሮ የሚሰማው እንደ ምሥራች ሳይሆን እንደ ፍርድ ቤት መጥሪያ ነው። ወላጁም ቢሆን ከትምህርት ቤት የመጣ ወረቀት በእጁ ሲገባ በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ደግሞ ምን አጠፋህ?» ብሎ ነው። «በዚህ ሳምንት ልጅዎ ስለ ሕዋስ መማር ጀምሯል፤ ነገሩም እንዲህና እንዲህ ነው» የሚል ደብዳቤ ግን ከስንት አንድ ትምህርት ቤት ካልሆነ በቀር አይወጣም።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አስተያየት፣ ይህ ደብዳቤ መጻፍ አለበት የሚል ነው። ከሁሉም በፊት ደግሞ በሰባተኛና በስምንተኛ ክፍል የሳይንስ ትምህርት ውስጥ ስለ ሕዋስ በሚሰጠው ክፍለ ትምህርት ላይ መጻፍ አለበት። እናንተ ያንን ደረጃ አልፋችሁ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ተሻግራችኋል፤ ሆኖም ታናሽ ወንድም ወይም ታናሽ እኅት ያላችሁ ብዙዎች ናችሁ። ደብዳቤውን ለወላጅ የምታነቡትም፣ ያልገባውን የምታስረዱትም፣ ትምህርት ቤቱ ባይጽፍ እንኳ ነገሩን በቃል የምታደርሱት እናንተ ትሆናላችሁ። ስለዚህ ጉዳዩ የመምህራን ብቻ አይደለም።

ከሌላው ትምህርት ይልቅ ሕዋስ ለምን ተመረጠ ትሉ ይሆናል። ልጅ እስከዚያ ክፍል ድረስ በሳይንስ ስም የሚማረው ነገር በአብዛኛው በዓይን የሚታይ፣ በእጅ የሚዳሰስ ነው። ቅጠል፣ ግንድ፣ ሥር፣ ጥርስ፣ አጥንት፣ ዝናብ፣ አፈር ይማራል። ወላጁም እነዚህን ሁሉ ያውቃቸዋል፤ አራሽ ከሆነ ደግሞ ከመምህሩ አብልጦ ያውቃቸዋል። ሕዋስ ላይ ሲደረስ ግን ልጁ በዓይን ብቻ የማይታየውን ነገር ማመን ይጀምራል። ሰውም፣ ላምም፣ ባሕር ዛፍም፣ በሻገተ እንጀራ ላይ ያለው ሻጋታም ከሕዋስ የተሠሩ ናቸው ይባላል። ይህን ትልቅ ወሬ የሰማ ልጅ ማታ ቤቱ ገብቶ «ዛሬ ምን ተማራችሁ?» ተብሎ ሲጠየቅ «ሳይንስ» ብሎ ዝም ቢል፣ በቤትና በትምህርት ቤት መካከል ያለው በር የሚዘጋው ያን ዕለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ትምህርት ሁሉ ከቤት እየራቀ ይሄዳል።

እዚህ ላይ የቋንቋ ጉዳይ ይነሣል። ልጁ ዝም ባይልና «ስለ ሕዋስ ተማርን» ቢል እናቱ ምን ትረዳለች? ሕዋስ የሚለው ቃል ለእርሷ እንግዳ አይደለም። አምስቱ ሕዋሳት ሲባል ማየትን፣ መስማትን፣ ማሽተትን፣ መቅመስንና መዳሰስን ታውቃለች። ስለዚህ ልጄ ስለ ዓይንና ስለ ጆሮ ተማረ ብላ ታስባለች። አባትየው ደግሞ በ1970ዎቹ ዓመተ ምሕረት ጎልማሳ ከነበረ፣ ሕዋስ ማለት ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው የሚመክሩበት የፓርቲ መሠረታዊ ክፍል ሆኖ ሊታየው ይችላል። ቃሉ አንድ፣ ትርጉሙ ሦስት ነው። መዝገበ ቃላት ይህን ሁሉ ዘርዝሮ ቢያስቀምጥም፣ በቤት ውስጥ መዝገበ ቃላት የሚገልጥ ስለሌለ ተናጋሪው ራሱ መለየት ይኖርበታል። አስኳል የሚለውም ቃል እንዲሁ ነው። አንዳንድ ጸሐፊዎች በሕዋስ መካከል የሚገኘውንና ሥራውን የሚመራውን ክፍል፣ ይኸውም ኒውክለስን፣ አስኳል ይሉታል። እናት ግን አስኳል ስትሰማ የምታስበው የእንቁላልን ብጫ ክፍል ነው። ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው፣ ያልተዳቀለ የዶሮ እንቁላል ብጫው ክፍል የሕዋስ ኒውክለስ ሳይሆን ራሱ አንድ ሙሉ ሕዋስ መሆኑ ነው። እንግዲህ «ይህ የምትሰብሪው እንቁላል ብጫው አንድ ሕዋስ ነው፤ በዓይናችን ከምናያቸው ጥቂት ሕዋሳት አንዱ ነው» ብሎ መጀመር፣ የመጽሐፉን ፍቺ በቃል ከመድገም ስንት እጥፍ ይሻላል!

ወጥ ቤቱን አትናቁት። ስለ ሕዋስ በሚሰጠው ትምህርት ውስጥ ከሚነሡት ነገሮች ብዙዎቹ እዚያው አሉ። ቀይ ሽንኩርት ሲላጥ፣ በወፍራሙ ልጥ ውስጠኛ ጎን ላይ እንደ ስስ ወረቀት የምትገለፍ፣ ብርሃን የምታሳልፍ ገለፈት ትገኛለች። በትምህርት ቤት በመስታወት ላይ ተነጥፋ፣ አንድ ጠብታ አዮዲን ተጨምሮባት በማይክሮስኮፕ የምትታየው እርሷ ናት። ሕዋሳቷ እንደ ጡብ ግንብ ተደርድረው ይታያሉ። (ብዙ ልጆች ይህን ሲሥሉ አረንጓዴ ቀለም ይቀቡታል፤ የተክል ሕዋስ ሁሉ አረንጓዴ ነው ብለው ስለሚያምኑ ነው። ነገር ግን ከምድር በታች ያደገ ሽንኩርት አረንጓዴነት ከየት ያመጣል? ልጁ ይህን ስዕል ለእናቱ ቢያሳያት፣ መምህሩ ሳያርመው እርሷ ታርመው ነበር።)

ከሽንኩርቱ ይልቅ ግን እርሾው ይናገራል። እናት ሊጥ ስታቦካ ካለፈው ቡኮ ያስቀረችውን እርሾ ትጨምራለች። በዚያ እርሾ ውስጥ ያሉት ሕያዋን ናቸው፤ አንዳንዶቹ ባክቴሪያ፣ አንዳንዶቹም እያንዳንዳቸው አንድ ሕዋስ ብቻ የሆኑ የፈንገስ ወገኖች ናቸው። የእነዚህ የፈንገስ ሕዋሳት መጠን እንደየዓይነቱ ይለያይ እንጂ፣ ዳቦና ጠላ የሚያቦካው የታወቀው ዓይነት በአንድ ሚሊሜትር ርዝመት ላይ ቢደረደር ከ100 እስከ 200 ያህል ይይዛል። በሊጡ ውስጥ ያለውን ስኳር ይመገባሉ፣ አየር ያወጣሉ፣ ይራባሉ። በእንጀራው ላይ የምናየው ዓይን ያ አየር ወጥቶ የሄደበት ቀዳዳ ነው። እናት ይህን በሌላ አነጋገር ታውቀዋለች። ብርድ ሲሆን ሊጡ እንደሚዘገይ፣ ሙቀት ሲሆን እንደሚፈጥን ታውቃለች። አብሲት ጥላ ካበሰለች በኋላም ትኩሱን እንደ ወረደ ወደ ሊጡ አትመልሰውም፤ ጥቂት ታበርደዋለች። ለምን ቢሏት «ሊጡን ይገድለዋል» ትላለች። ይገድለዋል! ሕያው ያልሆነ ነገር አይሞትም። ሕዋስ የሚለውን ቃል ሳትሰማ ሕዋስ በሙቀት እንደሚሞት ዕድሜዋን ሙሉ ስትሠራበት ኖራለች። ልጁ ለእርሷ የሚያመጣላት አዲስ ነገር የዚያን ሕያው ነገር ስምና መልክ ነው፤ እርሷም ለልጁ የምትሰጠው በመጽሐፉ ውስጥ የሌለ ምሳሌ ነው። እንዲህ ያለውን ልውውጥ ማይክሮስኮፕ የሌለው ትምህርት ቤት እንኳ ሊያስጀምረው ይችላል፤ ሽንኩርትና ሊጥ የሌለበት ቤት የለምና።

ይሁን እንጂ ነገሩ ሁሉ በእንጀራና በሽንኩርት የሚያልቅ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አልጽፍም ነበር። ሕዋስን ማወቅና አለማወቅ በቤተሰብ ጤና ላይ የሚያመጣው ልዩነት አለ። ወባ በሚገኝበት አካባቢ የሚኖር ወላጅ ማይክሮስኮፕን አያውቅም አትበሉ። ልጁ ሲያተኩሰው ወደ ጤና ጣቢያ ወስዶታል፤ ባለሙያው ጣቱን በመርፌ ወግቶ አንድ ጠብታ ደም በመስታወት ላይ ሲቀባና ጎንበስ ብሎ ሲመለከት አይቷል። ያላወቀው ባለሙያው ምን እንደሚፈልግ ነው። የወባ ጥገኛ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ከዚያም ሕዋሱን አፈንድቶ ይወጣል፤ ወጥቶም ሌላውን ይወራል። በአገራችን በብዛት የሚገኙት ሁለቱ የወባ ዓይነቶች ይህን ዑደት የሚፈጽሙት በ48 ሰዓት ያህል ነው። ብርድ ብርድ የሚለውና የሚያንቀጠቅጠው ሕዋሳቱ በብዛት በሚፈነዱበት ጊዜ ነው። በወባ የታመመ ሰው ደም ማነስ የሚያገኘውም በዚህ ምክንያት ነው። ይህን የተረዳ ወላጅ፣ ትኩሳቱ ለአንድ ቀን በረድ ሲል «ዳነ» ብሎ አይዘናጋም።

ሁለተኛው ምሳሌ የሚወሰደው ከመድኃኒት ነው። የባክቴሪያ ሕዋስ በገለፈቱ ላይ ጠንካራ ግድግዳ አለው፤ የሰው ሕዋስ ግን ግድግዳ የለውም። ይህ በሰባተኛ ክፍል መጽሐፍ ውስጥ በሁለት መስመር የሚታለፍ ነገር ነው፤ በፈተና ላይ «የሚከተሉትን ለይ» ተብሎ ይመጣና ይረሳል። ነገር ግን አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1928 እ.ኤ.አ. ያገኘው ፔኒሲሊን፣ ዛሬም በየቤቱ የሚታወቀው አሞክሳሲሊን፣ የሚሠሩት በዚያ ልዩነት ላይ ነው። ባክቴሪያው ግድግዳውን እንዳይሠራ ይከለክሉታል፤ ግድግዳ የሌለውን የሰው ሕዋስ ግን በዚህ መንገድ አይጎዱትም። ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስ ደግሞ ጭራሹን ሕዋስ አይደለም፤ ግድግዳም የለውም። እንግዲህ ለጉንፋን አሞክሳሲሊን መዋጥ ግድግዳ የሌለውን ቤት ግድግዳውን ላፍርስ ብሎ መነሣት ነው። ከጎረቤት የተረፈ ክኒን ለልጇ ጉንፋን የምትሰጥ እናት ስንፍና ወይም ክፋት የለባትም። የጎደላት ልጇ ያን ዕለት ጠዋት የተማረው ሁለት መስመር ነው፤ ልጁ ግን ሁለቱን መስመር ለመምህሩ እንጂ ለእናቱ የሚናገረው ነገር መሆኑን ማንም አልነገረውም።

በዚህ ላይ አንድ ሂሳብ ልጨምር። አንዳንድ የባክቴሪያ ዓይነቶች ሁኔታው በተመቻቸላቸው ጊዜ በየ20 ደቂቃው አንዱ ለሁለት ይከፈላል። ከአንድ ተነሥተው በአንድ ሰዓት 8፣ በሁለት ሰዓት 64፣ በአራት ሰዓት 4,096 ይሆናሉ። ማታ በሦስት ሰዓት የተቀመጠ ምግብ ላይ አንድ ሕዋስ ቢያርፍና ምግቡም፣ ሙቀቱም ቢስማማው፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ 16,777,216 ሊደርስ ይችላል ማለት ነው። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ በተቃራኒው እጅግ ዘገምተኛ ነው፤ አንድ ጊዜ ለመከፈል ከግማሽ ቀን በላይ ይፈጅበታል። መድኃኒቱም በአብዛኛው ስድስት ወር የሚወሰደው ለዚያ ግትር ጠላት ስለ ሆነ ነው። በሁለተኛው ወር ሳሉ የቀነሰለት ሰው «ተሽሎኛል» ብሎ ቢያቋርጥ፣ የቀሩት ሕዋሳት ከሞቱት ይልቅ መድኃኒቱን የለመዱ ሆነው ሊነሡበት ይችላሉ። ይህን ለአባቱ የሚነግር ልጅ የቤት ሥራውን የሠራው በደብተር ላይ ብቻ አይደለም።

«ወላጆቻችን አልተማሩም፤ ይህን እንዴት ሊረዱት ይችላሉ?» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ለዚህ መልስ የሚሆነው የሕዋስ ጥናት ታሪክ ራሱ ነው። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ በ1665 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ማይክሮግራፊያ በተባለው መጽሐፉ የቡሽን ስስ ቁራጭ በማይክሮስኮፕ አይቶ ያየውን ሲገልጽ፣ ክፍሎቹን ከማር እንጀራ ጋር አመሳስሏቸዋል። ሕዋስ በእንግሊዝኛ የተጠራበት ቃልም ትንሽ ክፍል ማለት ነው። ዝቅ ብሎም የመጣው አንቶኒ ቫን ሌዌንሁክ ዴልፍት በምትባል የኔዘርላንድ ከተማ የጨርቅ ነጋዴ ነበረ። በዘመኑ የሊቃውንት ቋንቋ ላቲን ሲሆን እርሱ ላቲን አያውቅም ነበር፤ የሚያውቀው የእናቱን ቋንቋ ብቻ ነው። ሆኖም በገዛ እጁ በሠራቸው አጉሊ መነጽሮች የኩሬ ውኃን፣ ደምን፣ ከገዛ ጥርሱ መካከል የወጣውን ቆሻሻ ሳይቀር እየመረመረ፣ ያየውን በዚያው በቤቱ ቋንቋ እየጻፈ ከ1673 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከ ሞተበት እስከ 1723 እ.ኤ.አ. ድረስ ለለንደኑ የሮያል ሶሳይቲ ልኳል። በአንድ ጠብታ ውኃ ውስጥ ስለሚዋኙት ሕያዋን የጻፈውን ለማመን በተቸገሩ ጊዜም፣ በ1677 እ.ኤ.አ. የታወቁ ስምንት ሰዎች በዓይናቸው ማየታቸውን የሚመሰክር ጽሑፍ ልኮላቸዋል። የረቂቅ ተሕዋስያን ዕውቀት የተጀመረው እንግዲህ ከነጋዴ ቤት፣ በነጋዴ ቋንቋ በተጻፈ ደብዳቤ ነው። ለነጋዴው ያላነሰ ቋንቋ ለልጁና ለእናቱ የሚያንስበት ምክንያት የለም።

ከአገራችንም ምሳሌ አለ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በዐድዋ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ከዚያ ዕይታ ተነሥተው ከባልደረቦቻቸው ጋር ያካሄዱት ምርምር እንዶድን በዓለም አሳወቀው፤ በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። እንዶድ አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን የተባለ ንጥረ ነገር ስላለው ነው፤ ሳፖኒን ደግሞ የሕዋስን ስስ ገለፈት የመብሳት ጠባይ አለው። ስለ ገለፈት የሚናገረው ክፍለ ትምህርት በወንዝ ዳር ከሚያጥቡት ሴቶች ጋር ይህን ያህል ቅርብ ነው። ሴቶቹ ከዘመናት በፊት ጀምሮ እንዶድን ሲሠሩበት ኖረዋል፤ ሊቁም ወደ ወንዙ ወርደው ተመለከቱ። አንዱ ያለ ሌላው አይበቃም ነበር።

ሌላው ተቃውሞ ከመምህራን በኩል የሚመጣ ነው፤ እርሱም ከፊተኛው ይልቅ ይከብዳል። ስድሳና ከዚያም በላይ ተማሪ በአንድ ክፍል ያለበት፣ በሳምንት ብዙ ክፍለ ጊዜ የሚያስተምር ሰው ለየወላጁ ደብዳቤ ይጻፍ ማለት በደል ነው። እውነት ነው። ስለዚህ መምህሩ አይጻፍ፤ ተማሪው ይጻፍ። መምህሩ አንድ ክፍለ ጊዜ ሰጥቶ፣ ከአማርኛ መምህሩም ጋር ተመካክሮ፣ እያንዳንዱ ልጅ የተማረውን ለወላጁ በአማርኛ እንዲጽፍ ቢያደርግ፣ የሳይንሱም ፈተና የድርሰቱም ልምምድ በአንድ ወረቀት ይፈጸማል። ሳይንስ በእንግሊዝኛ በሚሰጥበት ክፍል ደግሞ ጥቅሙ እጥፍ ነው። በባዕድ ቋንቋ በቃል የተያዘ ፍቺ ገብቶት እንደ ሆነና እንዳልሆነ የሚታወቀው ልጁ በገዛ ቋንቋው ሊናገረው ሲሞክር ነው። «ሕዋስ የሕይወት መሠረታዊ አሐድ ነው» ብሎ የጻፈ ልጅ ገና አልገባውም ይሆናል፤ «እማዬ፣ የሽንኩርቱ ገለፈት እንደ ጡብ ግንብ ነው፤ እያንዳንዱ ጡብ ግን ሕይወት አለው» ያለው ግን ገብቶታል።

ምሳሌ ሲመረጥም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በብዙ መጻሕፍት ሕዋስ ከፋብሪካ ወይም ከትልቅ ከተማ ጋር ይነጻጸራል። ፋብሪካ ላላየ ሰው ይህ ንጽጽር አንዱን የማያውቀውን ነገር በሌላው በማያውቀው ነገር ማስረዳት ነው። የሕዋስ ገለፈት በር ያለው አጥር ቢባል፣ ተክል ውኃውን የሚያከማችበት ክፍል እንስራ ቢባል፣ ኃይል የሚወጣበት ክፍል ምድጃ ቢባል የማይገባው የለም። ነገር ግን ምሳሌው የሚቆምበትን ቦታ መናገርም ግዴታ ነው። ቤት ለሁለት ተከፍሎ ሁለት ቤት አይሆንም፤ ሕዋስ ግን ይሆናል። ሩዶልፍ ቪርሆ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በ1855 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቀው ማንኛውም ሕዋስ የሚገኘው ከሌላ ሕዋስ ነው። በዚህ ላይ ሲደረስ ቤቱን ትቶ ወደ እርሾው መመለስ ይሻላል፤ እርሾም ከእርሾ ይገኛልና።

ስለ አክብሮት አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ወላጅን እንደ ተማሪ አስቀምጦ ማስተማር ነውር ነው፤ የሚያስቀይምም ነው። ትምህርቱን የሚያደርስ ልጅ በጥያቄ ይጀምር። «እማዬ፣ እርሾውን ለምን ታስቀሪዋለሽ?» «አባባ፣ ያን ጊዜ በጤና ጣቢያ ደሜን ሲያዩ ምን አሉ?» ይበል። መልሱን አዳምጦ ከጨረሰ በኋላ የራሱን ይጨምር። በዚህ መንገድ የተነገረ ነገር ለጎረቤትም ይተርፋል፤ ቡና ላይ ይነሣል። «አታውቂም እንጂ» ተብሎ የተጀመረ ነገር ግን እዚያው በልጁ አፍ ላይ ይቀራል።

ደብዳቤው ምን እንደሚመስል ለማሳየት የሚከተለውን አዘጋጅቻለሁ። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የጻፈው ነው ብላችሁ አንብቡት።

«ለውድ እናቴና ለውድ አባቴ፤

እንደምን አመሻችሁ? በዚህ ሳምንት በሳይንስ ክፍል ስለ ሕዋስ ተምረናል። ሕዋስ ያልኩት አምስቱ ሕዋሳት የሚባሉትን ማየትንና መስማትን አይደለም። ሰውነታችን የተሠራባቸውን፣ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕያው ክፍሎች ማለቴ ነው። ማክሰኞ ዕለት የሽንኩርት ገለፈት በማይክሮስኮፕ አየን። ተራ ስለ በዛ እኔ ያየሁት ለአጭር ጊዜ ነው፤ ግን ጡብ የተደረደረ ይመስላል። መምህራችን ሁሉም ተክልና እንስሳ ከእንዲህ ያሉ ክፍሎች የተሠራ ነው አሉን። በእርሾ ውስጥም አንድ ሕዋስ ብቻ ሆነው የሚኖሩ ሕያዋን እንዳሉ ተማርን። እማዬ፣ አብሲቱን የምታበርጂው ለዚህ ይሆን? ቅዳሜ ሊጥ ስታቦኪ አጠገብሽ ሆኜ ማየት እፈልጋለሁ፤ መምህራችን ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ጽፈን እንድናመጣ አዘውናል። ሌላው ነገር፣ ባክቴሪያ ግድግዳ አለው፤ ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስ ግን የለውም። ስለዚህ በመደርደሪያው ላይ የተረፈው የአባባ ክኒን ለታናሽ እኅቴ ጉንፋን እንደማይሆን፣ ከመስጠታችን በፊትም ጤና ጣቢያ መጠየቅ እንደሚገባን ተነግሮናል። ያልገባኝ ነገር አለ፤ አንድ ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል ትልቁ የትኛው ነው? በሚቀጥለው ሳምንት እጠይቃለሁ።

ልጃችሁ።»

የደብዳቤውን አሠራር ተመልከቱ። ፍቺ አልደረደረም፤ ቃሉ ሊያሳስት የሚችልበትን ቦታ ግን ከመጀመሪያው ለይቶ አስቀምጧል። ማይክሮስኮፑ ለአጭር ጊዜ እንደ ደረሰው አልሸሸገም። ስለ ክኒኑ ሲናገር ወላጆቹን አልወቀሰም፤ በራሱ ላይ ጨምሮ «ከመስጠታችን በፊት» አለ። የመጨረሻው ጥያቄው ደግሞ የዋህ ቢመስልም መምህሩን ሊያስጨንቅ የሚችል ነው። የዳቦና የጠላ እርሾ ሕዋስ ከጎኑ ትንሽ እንቡጥ አውጥቶ ስለሚራባ በእርሱ ዘንድ እናትና ልጅ በመጠን ይለያሉ፤ ብዙ ባክቴሪያ ግን እኩል ለእኩል ስለሚከፈል ትልቅና ታናሽ የለበትም።

ማንበብ የማይችል ወላጅ ያለው ልጅ ደብዳቤውን ራሱ ያነብለታል። በማንበብ ላይ ሳለ ወላጁ አቋርጦ ቢጠይቀው፣ ደብዳቤው ሥራውን ጀመረ ማለት ነው። የወላጁ መልስም ወደ ክፍል ይመለስ። ሠላሳ ልጆች ከሠላሳ ቤት ሊጡ የቦካበትን ሰዓት ጽፈው ቢያመጡ፣ አንዱ ቤት በሁለት ቀን፣ ሌላው በሦስት ቀን ቢሆን፣ ከደጋ የመጣው ከቆላው ቢለይ፣ ወይም አንዲት እናት «የእኔ እርሾ ከአማቴ የመጣ ነው፤ እስከ ዛሬ አልተቋረጠም» ብላ ብትልክ፣ መምህሩ ለሚቀጥለው ሳምንት ትምህርት የሚሆን ሰሌዳ ሙሉ ነገር አገኘ ማለት ነው።